ሽኮኮ ጥንቸል የሆነበት ዘመን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ስንጓዝ፣ ለእረፍት ከቆምንበት ስፍራ አጠገብ ካለ የድንጋይ ክምር ላይ አንድ ትንሽ ቡናማ አውሬ ፀሐይ ሲሞቅ አየን። «ጥንቸል! ጥንቸል!» ብሎ የጮኸው ከመካከላችን በንባብ የማይታማው ጓደኛችን ነበር። መንገድ ሊያሳዩን አብረውን የመጡት አዛውንት ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ጥንቸል ከሆነ ጆሮው የታለ? ጅራቱስ? ይሄ ሽኮኮ ነው» አሉት።

ጓደኛችን ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አልነበረም። በቤቱ ያለው የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእኛን ሽኮኮ «ኮኒ» እንደሚለው፣ ኮኒ ማለት ደግሞ ጥንቸል እንደሆነ ተከራከረ። አዛውንቱ «መጽሐፉን አላውቅም፤ ሽኮኮን ግን አውቀዋለሁ» ብለው ዝም አሉ። ለመሆኑ ከሁለቱ ትክክል ማን ነበር? ከጉዞው ስመለስ ነገሩን ሳገላብጥ፣ ስሕተቱ የጓደኛዬ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሊቃውንትና የብዙ ዘመናት ስሕተት ሆኖ አገኘሁት።

አስቀድሞ ሁለቱን እንለይ። ጥንቸል ረጃጅም ጆሮዎች፣ አጭር ጅራትና ለዝላይ የተሠሩ ረጃጅም የኋላ እግሮች አሏት። የሽኮኮ ጆሮ ትንሽና ክብ ነው፤ ጅራት የሚባል አይታይበትም፤ እግሮቹም አጫጭር ናቸው። የእግሩ መዳፍ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ ቀጥ ባለ ቋጥኝ ላይ ሳይንሸራተት ይወጣል። ከፊት አራት ከኋላ ሦስት ጣቶች ሲኖሩት፣ ጥፍሮቹም ጥቃቅን ሰኮና ይመስላሉ። ከጀርባው መካከል ጠረን የሚያመነጭ ዕጢ አለ። እርግዝናው ደግሞ ያስደንቃል። የለማዳዋ ጥንቸል አንድ ወር ያህል ሲሆን፣ የሽኮኮ ግን ሰባት ወር ያህል ይፈጃል።

ታዲያ እንዲህ የተለያዩ እንስሳት እንዴት ተምታቱ? ነገሩ የሚጀምረው «ሻፋን» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት መካከል ሻፋንና ጥንቸል ተከታትለው ተጠቅሰዋል። መዝሙረኛው የሻፋን መሸሸጊያ ዓለት መሆኑን ሲናገር፣ መጽሐፈ ምሳሌም ደካማ ሆኖ ሳለ ቤቱን በዓለት ውስጥ ስለመሥራቱ ከብልሆች ተርታ ይመድበዋል። ሁሉም ምልክት ወደ ሽኮኮ ያመለክታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቤተልሔም የኖረው ጄሮምም ይህ እንስሳ በፍልስጥኤም ምድር በዓለት ዋሻ የሚኖር፣ አይጥም ድብም የሚመስል መሆኑን በደብዳቤው ገልጿል።

ሆኖም በአውሮፓ ምድር ሽኮኮ የለም። ተርጓሚው ያላየውን እንስሳ በሚያውቀው ተካው። ሉተር ቃሉን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ የለማዳዋን ዓይነት ጥንቸል ስም ሰጠው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ ትርጉምም «ኮኒ» አለው። ያቺ የአውሮፓ ጥንቸል ግን የትውልድ አገሯ እስፓኝና አካባቢው እንጂ የእስራኤል ምድር አልነበረም።

የእስፓኝ ነገር ከተነሳ ዘንድ፣ የአገሪቱ ስም ራሱ ከዚሁ መምታታት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። የፊንቄ መርከበኞች በዚያ የፈላውን ጥንቸል አይተው የአገራቸውን ሻፋን ስለመሰላቸው «የሻፋን ጠረፍ» አሉት፤ ሮማውያንም «ሂስፓኒያ» አሉት ይላሉ። ሁሉም ሊቃውንት የሚቀበሉት አይደለም። የእስፓኝና የጥንቸል ዝምድና ግን ከጥንት የታወቀ ነው፤ በንጉሥ ሃድሪያን ዘመን በተመቱ ሳንቲሞች ላይ ሂስፓኒያ በሴት አምሳል ተጋድማ፣ ጥንቸል ከእግሯ ሥር ትታያለች።

ወደ አገራችን እንመለስ። የግዕዝ ተርጓሚዎች መዝሙረ ዳዊትን ከጽርዕ ሲመልሱ በዓለት ለሚሸሸገው እንስሳ «ግሔ» የሚል ስም ሰጡት፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ «ግሔያት» የሚለውን ያውቃል። ግሔ ደግሞ ሽኮኮ ነው። አባቶቻችን ከአውሮፓ ተርጓሚዎች የበለጠ ቋንቋ ስላወቁ አይመስለኝም። ቀና ብለው ገደሉን ሲያዩ እንስሳው እዚያው ስለነበረ ነው።

የአውሮፓን ስሕተት አጥብቆ ከሞገቱት አንዱም ይህን ትምህርት ያገኘው ከዚሁ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለ«አሽኮኮ» ሥዕልና ሰፊ ገለጻ ሰጠ። ስሙም በጀርባው ላይ ተበትነው ከሚታዩት ረጃጅም ፀጉሮች የተነሣ «እሾህ» ከሚለው ቃል የመጣ መሰለው። ያመሰኳ እንደሆነ ለማወቅም አንዱን በሕይወት አኖረው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ሻፋን ጥንቸል ሳይሆን ይህ ነው ሲልም ደመደመ። ከቆመች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ በማለቱ የለንደን ሰዎች ውሸታም ያሉት ብሩስ፣ በሽኮኮ ነገር ግን እውነቱን ይዞ ነበር። ያመሰኳል ማለቱ ብቻ ልክ አልነበረም፤ ሽኮኮ ሳይበላም መንጋጋውን ስለሚያንቀሳቅስ የሚያመሰኳ ይመስላል እንጂ እንደ ላም ባለ አራት ክፍል ጨጓራ የለውም። በ1885 እ.ኤ.አ. የታረመው የእንግሊዝኛ ብሉይ ኪዳን «ኮኒ»ን እንዳለ ትቶ፣ እንስሳው በእርግጥ ሽኮኮ መሆኑን በኅዳግ አመለከተ።

የሳይንስ ሰዎችም አልዳኑም። ፓላስ የተባለው ሊቅ በ1766 እ.ኤ.አ. ሽኮኮን ከአይጥ ወገን መደበው። በኋላ ኩቪየር አጥንቱንና ጥርሱን መርምሮ ከአውራሪስ ጋር አዛመደው። የዛሬው የዘረመል ጥናት ደግሞ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና የባሕር ላም ናቸው ይላል። ያለማቋረጥ የሚያድጉት ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ እንደ ዝሆን ጥርስ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ማንሳቴ በአውሮፓውያን ለመሳቅ አይደለም። ባለፈው ሰሞን የአንድ ጎረቤቴን ልጅ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጅራቷን እንደ ጭራ ነስንሳ ለውዝ የምትቆረጥም እንስሳ አየሁ። ከሥሯ «ሽኮኮ» ተብሎ ተጽፏል። የእንግሊዝኛውን «ስኩዊረል» በዚሁ ስም የሚፈቱ መዝገበ ቃላትም አሉ። እነዚያ ተርጓሚዎች ስሙ በእጃቸው ነበር፤ እንስሳው ግን በአገራቸው አልነበረም። እኛ ስሙም እንስሳውም በእጃችን ሳለ እያለያየናቸው ነው። ልጁ አንድ ቀን ባሌ ሄዶ በድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ጅራት አልባ አውሬ ሲያይ ምን ብሎ ይጠራው ይሆን? «ልጄ፣ ጅራቱ የታለ?» የሚል አዛውንት ከጎኑ ካለ መልካም ነው።