የውሃ ወፎች ጨዋታና የተመልካች ትዕግሥት

ባለፈው በጋ አንድ ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆመን ሳለ፣ አንዲት ነጭ የውሃ ወፍ የቄጠማ ቁራጭ በአፏ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ከፍ ካለች በኋላ ቁራጩን ለቀቀችው፤ ውሃውንም ሳይነካ ተወርውራ ቀለበችው። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመች። እኛም ፎቶግራፍ ለማንሣት ቸኩለን ጥቂት እርምጃ ብንጠጋ፣ ቄጠማውን ጥላ በረረች። በእጃችን የቀረው የባዶ ውሃ ሥዕል ብቻ ሆነ። ለመሆኑ ወፏ ትጫወት ነበርን ወይስ ሥራ ላይ ነበረች? ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉበትን መንገድ በአጭሩ ለአንባቢ ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወፍን ያጠና የነበረ ሊቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ጠመንጃ ነበረ። ወፉን ገድሎ፣ ቆዳውን ገፍፎ፣ መንቆሩንና ክንፉን ይለካ ነበር። የሞተ ወፍ የላባውን ቀለም ያስረዳል፤ ጨዋታውን ግን ሊያስረዳ አይችልም። ከሊቁም ይልቅ የከፋው ነጋዴው ነበረ። በእንግሊዝ አገር በራሱ ላይ ሁለት ጉትዬ ያለው አንድ ጠላቂ ወፍ አለ፤ ስሙም ግሪብ ይባላል። የደረቱ ላባ ወፍራምና ለስላሳ ስለ ሆነ ለወይዛዝርት ጌጥ እየታደነ፣ በ1860 ገደማ በመላው ብሪታንያ የቀረው ጥቂት አሥር ጥንድ ብቻ ነበረ። ከ1869 ጀምሮ ወፎችን የሚጠብቁ ሕጎች በየጊዜው ወጡ፤ በ1889ም በላባ ንግድ የተቈጡ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ግሪብም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በ1931 ሲቈጠር ከ1,000 ጥንድ በላይ ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ዘመን ጠመንጃውን የሚተካ ሌላ መሣሪያ መጣ። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ የዮርክሻየር ወንድማማቾች በ1892 የወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በ1895ም በፎቶግራፍ የተሞላ የወፍ ጎጆዎች መጽሐፍ አሳተሙ። ወፎቹ እንዳይሸሹ ሲሉ በ1900 ውስጡ ባዶ የሆነ የበሬ ቆዳ አዘጋጅተው በውስጡ ተደብቀው ያነሡ ነበር። ጎረቤት የሣቀባቸው ቢሆንም፣ ሰው ወደ ወፍ ሊቀርብ የሚችለው ሰውነቱን ሲያስረሳ ብቻ መሆኑን ያስተማሩት እነርሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በ1912 የጸደይ ወራት፣ ገና 24 ዓመቱ የነበረ ጁልያን ሃክስሊ የተባለ ወጣት መምህር፣ የዕረፍት ጊዜውን በትሪንግ የውሃ ግድቦች ዳር አሳለፈ። የያዘው መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ነበረ። ከሕግ ጥበቃ የተረፉት ግሪቦች ፊት ለፊት ተያይተው ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ጉትዬአቸውን ሲዘረጉ፣ ሁለቱም ጠልቀው የውሃ አረም በአፋቸው ይዘው ሲወጡ፣ ደረት ለደረትም ገጥመው በውሃው ላይ ቀጥ ብለው ሲወዛወዙ ተመለከተ። ላላወቀ ሰው ይህ ሁሉ ጨዋታ ይመስላል። ሃክስሊ ግን ባልና ሚስት ከተጣመሩም በኋላ ይህን እንደማይተዉ፣ ወንዱም ሴቷም እኩል እንደሚያደርጉት አስተዋለ። ስለዚህም ነገሩ ጥንዱን አስተሳስሮ የሚያቆይ ሥርዓት ነው ሲል በ1914 ጽፎ አሳተመ። የእንስሳትን ጠባይ ለሚያጠና ትምህርት ይህ ጽሑፍ ከመሠረቶቹ አንዱ ሆነ። ሃክስሊ በ1934ም ጋኔት የተባሉትን የባሕር ወፎች ኑሮ በፊልም አሳየ፤ ፊልሙም ኋላ በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ጨዋታ የመሰለን ሁሉ ጨዋታ ካልሆነ፣ እውነተኛው ጨዋታ በምን ይታወቃል? በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ በቨርጂኒያ ጠረፍ ስለሚኖሩ የባሕር ወፎች ይህን መርምሯል። እነዚህ ወፎች ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር ፍጥረት ከነቅርፊቱ ከፍ አድርገው በደረቅ ስፍራ ላይ በመጣል ሰብረው ይበላሉ፤ ይህ ሥራ ነው። አንዳንዴ ግን የጣሉትን መሬት ሳይደርስ መልሰው ይቀልቡታል። ይህን የሚያበዙት ወጣቶቹ ናቸው፤ ነፋስ ሲበረታም ይበልጥ ያደርጉታል፤ የሚይዙትም ብዙ ጊዜ የማይበላ ነገር ነው፤ የሚጥሉበትም ስፍራ ቅርፊት ለመስበር የማይመች ለስላሳ ነው። ጥቅም የሌለበት፣ የሚደጋገም፣ በልጅነት የሚበዛ ሥራ ጨዋታ ከመባል በቀር ሌላ ስም የለውም። የሐዋሳዋም ወፍ ምናልባት ከዚሁ ወገን ነበረች፤ ሦስት ጊዜ አይቶ መፍረድ ግን አይገባም፤ ጥፋቱም የእኛ ችኮላ ነው።

የሃክስሊ ታሪክ ከአገራችንም ጋር ይገናኛል። የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር የነበረው ይኸው ሰው፣ በ1963 የዩኔስኮን መልእክተኞች እየመራ ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ምክር ለመስጠት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በ1969ም የአዋሽና የሰሜን ብሔራዊ ፓርኮች በሕግ ታወቁ። የአብጃታ ሻላ ፓርክም በተለይ ስለ ውሃ ወፎች የተከለለ ነው። በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፈሉ የነበሩት ፔሊካኖች ዓሣ ለማጥመድ የሚበሩት ወደ አብጃታ ነበር። ነገር ግን የአብጃታ ውሃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ሥራ እየተቀዳ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ እጅግ ሸሸ፤ ዓሣውም ጠፋ። ግሪብን ያጠፋው ጠመንጃ ነበረ፤ እዚህ ግን አንድም ጥይት አልተተኰሰም።

የአገራችን ሰው «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል። ግሪብ የተመለሰው ሕግ ስለ ጠበቀው ነው፤ ጨዋታ የመሰለው ሥርዓቱም የታወቀው ከተመለሰ በኋላ፣ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ስለ ተገኘ ነው። ስለዚህ ወደ ሐይቅ ዳር የሚወርድ ሰው ሁሉ፣ ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ይቀመጥ። እኛም በሚመጣው በጋ ወደ ሐዋሳ ተመልሰን፣ በዚያች ነጭ ወፍ ፊት እርምጃችንን ገትተን እንቀመጣለን።