ከኦዳ ጥላ እስከ ገልመ አባ ገዳ፤ የአዳማ መሰብሰቢያዎች

አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም፣ በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ለዓመታት ቆሞ ቀረ። ሥራው እንደገና ሲጀመር አዋሽን ተሻግሮ በስምጥ ሸለቆው ላይ ጣቢያ እየተከለ ወደ መሐል አገር ዘለቀ፤ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

ባቡር ለወለደው ከተማ የመጀመሪያው አዳራሽ ጣቢያው ነበር። ፊሽካው ሲሰማ ፍራፍሬ በቅርጫት የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቶቹ ይሮጡ፣ ኩሊዎች ሻንጣ ይቀባበሉ፣ ባለጋሪዎች ውጭ ተሰልፈው መንገደኛ ይጠሩ ነበር። ወሬ የሚመጣው ከዚያ ነበር፣ ሹም የሚታየውም ከዚያ ነበር። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። አገዳ ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣው ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ለገበያም ለመዝናኛም የሚወጣው ወደ አዳማ ነበር። ከተማዋ ከመነሻዋም የብዙ አገር ሰው ተቀላቅሎ የሚኖርባት ናት።

ጣቢያው አንዱ መሰብሰቢያ ከሆነ ሌላው ማዘጋጃ ቤት ነው። በአገራችን ከተሞች ማዘጋጃ ቤት ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ግብርና የይዞታ ካርታ ነው። ግን እኮ ሙሽሮች ሲፈራረሙ የኖሩት እዚያ ነው። ዘመድ የሌለውን ሟች የሚቀብረውም ማዘጋጃ ቤት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ማዘጋጃ ቤት ቴአትርና ዘመናዊ ሙዚቃ ያደጉበት ቤት መሆኑ ሲነገር አልሰማም፤ ይህ ይቆጨኛል።

በጣሊያን ላይ ከተገኘው ድል በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ተጫዋቾችን ሰብስቦ የሙዚቃና የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ያኔ የሴት ገጸ ባሕርያትን ሳይቀር የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት መድረኩን የተረከቡት በአብዛኛው ከዚሁ ቡድን የወጡ ባለሙያዎች ናቸው። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ የምናየው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራም። እሱን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያቆመው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ከውስጡ ትልቅ የቴአትር አዳራሽ አለው። አዲስ አበባ ለገሃር ካለው የቀድሞው ባቡር ጣቢያ ሲነሱ ጎዳናው ሽቅብ ወጥቶ የሚያበቃው እዚሁ ሕንጻ ደጃፍ ላይ ነው። አዳማን የወለደው ሐዲድና የዋና ከተማዋ ማዘጋጃ ቤት በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ ተያይተው ቆመዋል ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ጥበቡ ሕንጻውን ቀድሞት ነበር። በአዳማ ዙሪያ ደግሞ ጉባኤው አዳራሹን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድመዋል።

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ ዱከም አጠገብ፣ ኦዳ ነቤ አለ፤ የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ማዕከል ነው። ሕግ የሚወጣው፣ ጠብ የሚበርደው፣ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አባ ገዳው የሥልጣን በትሩን ቦኩውን ይዞ፣ እናቶች የክብር ዘንጋቸውን ሲንቄያቸውን ጨብጠው፣ ሽማግሌው ምርቃቱን ሲያወርድ ጉባኤተኛው እየተከተለ ይቀበላል። ማንም የማንንም ንግግር አያቋርጥም። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ይህን ሥርዓት የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

አዳማ ውስጥ ገልመ አባ ገዳ የተባለው ትልቅ አዳራሽ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥርዓት ነው። የከተማዋ መለያ ሆኗል፤ ባጃጅ ነጂ «አባ ገዳ» ካሉት ሌላ ምልክት አይጠይቅዎትም። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። ናዝሬት የሚለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጠሪያ በይፋ ቀርቶ ነባሩ ስም የተመለሰውም በዚያው ወቅት ነው። ውሳኔው ከባድ ተቃውሞ ገጠመው፤ ተማሪዎችና የሜጫና ቱለማ ማኅበር መሪዎች ዋጋ ከፈሉበት። በሰኔ 1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ መወሰኑ ተነገረ። ቢሮዎቹ ተመለሱ። የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ ጉባኤ ግን ከዚያም ወዲህ ገልመ አባ ገዳ ውስጥ ሲካሄድ ኖሯል። ዋና ከተማነቷን ያጣች ከተማ የጉባኤ ከተማነቷን ይዛ ቀረች፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ሀብቷም ይኸው ነው።

ስለዚህ ለከተማዋ አስተዳደር ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ የአዳማ ወጣት ቴአትረኞችና የትምህርት ቤት ክበባት በገልመው መድረክ ላይ የታወቀና ማንም ስብሰባ የማይነጥቃቸው ቋሚ ቀን ይኑራቸው። ሁለተኛው፣ የከተማዋ የመሰብሰቢያ ታሪክ ከኦዳ ነቤ ጀምሮ በጣቢያውና በማዘጋጃ ቤቱ በኩል እስከ ጨፌው ድረስ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ተደራጅቶ በአዳራሹ መግቢያ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በጣቢያውና በወንጂ የሠሩ አዛውንቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ሥራው ከእነሱ ቃል ይጀመር።