የሮሙ ወንጌልና የጎንደር ቀጂዎች

እ.ኤ.አ. በ1590 ሮም ውስጥ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ ፊደል የወንጌል መጽሐፍ መታተም ጀመረ። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ሲሆን በእንጨት ላይ የቀረጻቸው ሊዮናርዶ ፓራሶሌ ነበር። መጽሐፉ የታሰበው ዐረብኛ ለሚያነቡ የምሥራቅ ሰዎች ነው። ጎንደርን ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ጎንደር ራሷ ገና አልተቆረቆረችም ነበርና። ዳሩ ግን ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በጎንደር ዘመን የተጻፉ አንዳንድ የብራና ወንጌሎችን የገለጠ ሰው የቴምፔስታን ሥዕሎች ቁጭ ብለው ያገኛቸዋል። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ሥዕል ግን በብራና ሠዓሊው ጉልበት ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል።

ውድ አንባቢ፣ እኔን የያዘኝ ጥያቄ መጽሐፉ እንዴት እንደመጣ አይደለም። ያ ሠዓሊ ሲቀዳ ምን ወሰደ፣ ምንስ ተወ የሚለው ነው።

የወሰደው ቅንብሩን ነው። ጌታ በየትኛው ወገን እንደቆመ፣ ድውዩ ከየት እንደተዘረጋ፣ ሐዋርያት እንዴት እንደተሰበሰቡ፣ የማን እጅ ወደ ማን እንደሚያመለክት ከኅትመቱ ተምሯል። የተወው ደግሞ ጥላውን ነው። የቴምፔስታ ሥዕል ቀለም የለውም፤ ብርሃኑና ጨለማው በሙሉ በጭረት ብዛትና ጥቂትነት የተሠራ ነው። ከሰዎቹ በስተኋላ ኮረብታ፣ ሕንፃና ዛፍ አለ። የጎንደሩ ቀጂ ጭረቱን ጠራርጎ አውጥቶ፣ ኮረብታውን አንሥቶ፣ በምትኩ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ሞላበት። ሰዎቹን በጠንካራ ጥቁር መስመር ከበባቸው፤ ዓይናቸውን አሰፋው።

«ጥላውን መቅዳት ስላልቻለ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም።

የምኖረው በሸካ ዞን በማሻ ከተማ ነው። ከጎንደርም ከሮምም ሩቅ ነኝና የማያቸው ሥዕሎች ሁሉ በመጽሐፍ የታተሙ ናቸው። ከባንክ ሥራዬ ወጥቼ ዝናብ ከቤት ሲያግደኝ (ማሻ ላይ ዝናብ የማያግድበት ማታ ጥቂት ነው) ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በእርሳስ እቀዳለሁ። ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሲሆንልኝ ግጥም እጽፋለሁ። እርሳስ ግን ቀለም ስለሌለው የብርሃንና የጥላን ምጣኔ አጥብቆ ይጠይቃል። የአገሬም ጉም እንዲሁ ነው። በማለዳ ከመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ ጥቁር፣ ከኋላው ያለው አመድማ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደን ከሰማይ የማይለይ ይሆናል። ቴምፔስታ ቅርብን ከሩቅ የሚለየው በዚሁ ዘዴ ነው። ከፊት አጥቁሮ ከኋላ ያሳሳል።

የቴምፔስታን ሥዕል ያለ ጥላው ልቀዳ ስሞክር ታዲያ ሰዎቹ መሬት መርገጥ ያቅታቸዋል። አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ዋናው ሰው ከተራው አይለይም። ቅንብሩን አቁሞት የነበረው ጥላው ነበር ማለት ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ ጥላውን ሲያነሣ ሥዕሉ እንዳይፈርስበት ሌላ ምሰሶ ማበጀት ነበረበት። ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ቀለም፣ ወፍራሙ መስመርና የዓይኖቹ አቅጣጫ ያንን ሥራ ይሠራሉ። በዚያ ላይ በአገራችን የአሣሣል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ አንድ ዓይን በጎን የሚታየው ለከሃዲና ለሰይጣን ነው። ቴምፔስታ ይህ ሕግ የለበትም፤ ታሪኩ እንደፈለገው ሰውን ያዞራል። ቀጂያችን ግን የእያንዳንዱን ሰው ፊት ሳይመረምር ሊያልፍ አይችልም። ማን ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው ችሎታ አነሰው ለማለት እቸገራለሁ።

ጥላው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ሊቃውንት «ሁለተኛው የጎንደር ስልት» የሚሉት አሣሣል ተስፋፋ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት እቴጌይቱ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ለዚህ ምስክር ነው፤ ራሳቸው ምንትዋብም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እዚህ ፊቶች ክብ ናቸው። ጉንጭ ይበራል፤ አንገት ይጠቁራል። ከጀርባ ያለው ቢጫ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይቀልጣል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለው ሽግግር ከጭረት አይቀዳም፤ ከቀለም ሥዕል ብቻ ነው የሚቀዳው። አያቶቹ ከኅትመት ቅንብርን ወሰዱ፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከቀለም ብርሃንን። በመካከሉ መቶ ዓመት ያህል አለ።

እንደ ግጥም ጻፊ የማልዘለው ነገር አለ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቅኔ ተማሪም ነበረ። እርሱም የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ ምሥጢሩን እየፈታ ይማራል፤ በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረዣዥሞቹ ያድጋል። ነገር ግን ለማኅሌት ሲቆም የሌላውን ቅኔ ቢደግም ነውር ነው። ቅኔ የዕለት ነው፤ አዲስ መሆን አለበት። የሚገርመው ቃሉ «ዘረፈ» መሆኑ ነው፤ ያልተዘረፈውን ብቻ መዝረፍ ግዴታ የሆነበት ሙያ! ሠዓሊው በአንጻሩ የታወቀውን ሥዕል ባሣመረ መጠን ይመሰገናል። ለምሳሌ ከሮም ከሳንታ ማርያ ማጆሬ የመጣውን የእመቤታችንን ሥዕል እንውሰድ። በቀኝ እጇ የተዘረጉት ሁለት ጣቶችና የያዘችው መሐረብ ሳይቀሩ በአገራችን ለዘመናት ተቀድተዋል። ጣቶቹን ያጠፈ ሠዓሊ አዲስ ነገር ፈጠረ አይባልም፤ ሥዕሏን አላወቃትም ይባላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋው ጌታ ብቻውን የሚታይበት ይህ ሥዕል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ እጅ እንደተሣለ ይገመታል። ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ በፊቱም መሐላ ይፈጸም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 የምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ስናር ላይ ሲሸነፉ ተማርኮ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ግን መቅደላ ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው።

እ.ኤ.አ. በ1872 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ሥዕሉንና አንድ ክብረ ነገሥት እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሆልምስ በዚያን ጊዜ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ነበር። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የአገራችን ሠዓሊ የሚቀዳው ከቅጂ ነው። በብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ በጌታ ግራና ቀኝ አክሊሉን በበትር የሚመቱ ሁለት ሰዎች አሉ። ከባሕር ማዶ በመጣው ሰሌዳ ላይ እነዚያ ሁለት ሰዎች የሉም።