«የለም» እና «አልታየም»፦ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ጋዝ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1980 ዋላስ ሳርጀንትና ሦስት ባልደረቦቹ የስድስት ኳሳሮችን ብርሃን መርምረው ያወጡት ጽሑፍ ትልቅ እርምጃ ነበር። የኳሳር ብርሃን ወደ እኛ ሲጓዝ በመንገዱ ያለ እያንዳንዱ የሃይድሮጅን ደመና አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ይተውበታል፤ መስመሮቹ እጅግ ስለሚበዙ «የላይማን አልፋ ደን» ይባላሉ። ቡድኑ ደመናዎቹ ከኳሳሮቹ የወጡ ሳይሆኑ በጋላክሲዎች መካከል የተንጣለሉ መሆናቸውን አስረዳ። የካርቦን ምልክት ስላልታየባቸውም፣ ጋዙ ከቢግ ባንግ ወዲህ ምንም ያልነካው ጥንታዊ ጋዝ ነው የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት አገኘ።

የመጀመሪያው ድምዳሜ ጸንቷል። ሁለተኛው ወድቋል፤ እንደ ኢኮኖሚስት የሚስበኝም አወዳደቁ ነው።

የለወጠው አዲስ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን አዲስ መሣሪያ ነው። ከ36 መስታወቶች የተገጣጠመው፣ በሃዋይ ማውና ኬያ ላይ የቆመው የ10 ሜትር ኬክ ቴሌስኮፕ በ1993 ምርምር ጀመረ። በ1995 ሌኖክስ ካዊ፣ አንቶኔት ሶንጋይላና ባልደረቦቻቸው ጠቅጠቅ ካሉት ደመናዎች ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ ካርቦን አገኙ። መጠኑ በፀሐይ ካለው አንድ መቶኛ ገደማ ነበር። ቀድሞ «ዜሮ» የተባለው የመሣሪያው ወሰን እንጂ የጋዙ ይዘት አልነበረም። በእጅ የተላከ ገንዘብ በባንክ መዝገብ ስላልታየ አልተላከም እንደማለት ነው።

ካርቦን በኮከብ ውስጥ እንጂ በቢግ ባንግ አልተሠራም። (አስትሮኖመሮች ከሂሊየም የከበደውን ሁሉ፣ ኦክስጅንን ሳይቀር፣ «ብረት» ይሉታል፤ ልማዳቸውን ይቅር እንበላቸው።) ታዲያ ዩኒቨርስ ገና ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ ከጋላክሲ ውጭ ማን አደረሰው? ግዙፍ ኮከቦች በሱፐርኖቫ ሲፈነዱ ጋዙን አሙቀው ይገፉታል። ትልቅ ጋላክሲ በስበቱ አብዛኛውን መልሶ ይይዘዋል፤ ትንሿ ግን ያፈራችውን ለማቆየት አቅም የላትም። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ምሳሌውን መተርጎም አያስፈልገኝም።

ክርክሩ የቀረው በጊዜው ላይ ነው። ላኪዎቹ ቀደምት ትንንሽ ጋላክሲዎች ከሆኑ ካርቦኑ ከጋላክሲ በራቀው ስስ ጋዝ ውስጥም መገኘት አለበት፤ ዘግይተው የመጡ ትልልቆች ከሆኑ ግን በአካባቢያቸው ይከማቻል። በስሱ ጋዝ የሚገኘው መስመር ለኬክም እጅግ ደካማ ነው። ካዊና ሶንጋይላ በ1998 መስመሮችን አንድ በአንድ መፈለግ ትተው፣ የስፔክትረሙን ነጥቦች ሁሉ በስታቲስቲክስ አነጻጸሩ። ካርቦኑ እዚያም ነበር።