ስለ መናገሻ ዱርና ስለ ወጨጫ ጥላማ ሸለቆ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የወጨጫ ተራራ አለ፤ ከፍታውም ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ተራራ ገጽ ላይ የመናገሻ ሱባ ዱር ይገኛል፤ ከዱሩም የሚመነጩት ጅረቶች በየሸለቆው ወርደው ወደ አዋሽ ይገባሉ። ለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓላችን መጽሔት ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ዛሬም በሕይወት የቆመውን ይህን ቅርስ መረጥሁ።

የዱሩ ነገር እንዲህ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓመተ ምሕረት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት፥ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ዱር የጽድ ፍሬ አስመጥተው እንዲዘራ አዘዙ እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና፥ የሚተክለው ሰው ጥላው የሚያሳርፈው የልጅ ልጁን እንደ ሆነ ያውቃል።

ወደ ሸለቆው የሚወርድ ሰው ጽዱን፥ ዝግባውን፥ ወይራውንና ጥቁር እንጨቱን ያገኛል። ጽድን ምስጥ አይደፍረውም፤ ስለዚህ አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያንና ለቤት ሥራ መረጡት። በወይራ ጢስ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠናል። ከፍ ሲሉ ኮሶ አለ፤ የሴቲቱ ዛፍ አበባ ቀድሞ ሰው ሁሉ ለሆድ ትል የሚጠጣው መድኃኒት ነበረ። ከዚያም በላይ አስታ ይበቅላል። ከጅረቱ ዳር ግን፥ ፀሐይ በማይደርስበት እርጥብ ስፍራ፥ እንሶስላ ይገኛል፤ ሴቶች ሥሩን ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን የሚሞቁት እርሱ ነው።

ጉሬዛ በዛፍ ላይ ቅጠል እየበላ ይኖራል፤ ወደ ምድር መውረድ አያዘወትርም። ግልገሉ ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ ነው፤ ጥቁሩ መልክ ኋላ ይመጣል። በዚያ ያለውን ጠቆር ያለ ድኩላ ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓመት፥ በዐፄ ምኒልክ ስም ሰየመው። ራሱ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ የጽድና የዝግባ ፍሬም ይለቅማል። ጉንጩ ነጭ የሆነ ሌላም ወፍ አለ፤ ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴ ይመስላል፥ ሲበር ግን ክንፉ ቀይ ነው፤ ቅላቱም መዳብ ካለበት ቀለም እንደ ሆነ ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ይችል ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓመተ ምሕረት ከተቈረቈረች በኋላ፥ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተቈርጦ አለቀ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ በመስፋፋቱ ከተማው ሳይነሣ ቀረ። ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ ነገር ግን የጽዱንና የዝግባውን ስፍራ ሊተካ አልቻለም፤ በሥሩም እንሶስላ አይበቅልም።

የዱሩ ጥቅም በውሃው ይታወቃል። የረገፈው ቅጠል የክረምቱን ዝናም ይጠጣል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ምድሪቱም የጠጣችውን በበጋ ጥቂት በጥቂት ትሰጣለች። ዛፉ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን ጅረቱ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ደረቅ ድንጋይ ይሆናል።

በቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን ሰሙን አይታችሁ ወርቁን ፈልጉ ይሉን ነበር። በዚህ ሸለቆ ዛፉ ሰም ነው፥ ውሃው ወርቅ ነው፤ ሰሙን ያጠፋ ሰው ወርቁን ከየት ያገኛል?

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ያቆዩልንን ጽድና ወይራ አንቍረጥ። አንድ ያረጀ ዛፍ በወደቀበት ስፍራ ሁለት የአገር ችግኝ እንትከል፤ በሚመጣው ኢዮቤልዩ በጥላው የሚቀመጡት ልጆቻችን እንዲያመሰግኑን።