ለመኪና ፋብሪካ ደብዳቤ የጻፈው ቦርድ፦ የሎስ አንጀለስ ካውንቲና የጭሱ ታሪክ

ጁላይ 26 ቀን 1943 (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ ሰው ዓይኑን እያሸ፣ እያነጠሰና እያሳለ ዋለ። ጉም የሚመስል ግን ጉም ያልሆነ ነገር ከተማውን ሸፍኖት ከሦስት ብሎክ በላይ አሻግሮ ማየት አልተቻለም። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፤ ጃፓን ከውቅያኖሱ ማዶ አለች። “መርዝ ጋዝ ለቀቁብን እንዴ?” ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። ቆይቶ ጣት የተቀሰረው ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ቡታዳይን የተባለ ኬሚካል በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ላይ ነበር። ሰው ጮኸ፣ ፋብሪካው ለጊዜው ሥራ አቆመ። ጭሱ ግን አላቆመም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ይህን ታሪክ ያገኘሁትም ስለ ሞተር ጭስ ሳነብ ነው። ኬሚስትሪው ደስ ይላል፣ እሱም ይመጣል። ይበልጥ የገረመኝ ግን ቢሮው ነበር። ዓይኑ የሚቃጠል ሰው “አቤት” የሚለው ለማን ነው? አቤቱታውን የሚቀበለው አካልስ ሰማይን ምን አድርጎ ይቆጣጠራል?

በካሊፎርኒያ ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት በታች ካውንቲ የሚባል አስተዳደር አለ። ከክልል በታች ያለውን ዞን አስቡት፤ ልዩነታቸው ብዙ ቢሆንም ለመነሻ ይረዳል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲን ከ1852 ጀምሮ የሚመራው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ይባላል፤ አባላቱም በሕዝብ የሚመረጡ 5 ሰዎች ናቸው። ደንብ የሚያወጡት እነሱ፣ በጀት የሚያጸድቁት እነሱ፣ አፈጻጸሙን የሚከታተሉትም እነሱ ናቸው። እንደ ከተማ ከንቲባ ውሳኔያቸውን የሚሽር የበላይ የላቸውም። በዚህ ምክንያት “አምስቱ ትናንሽ ነገሥታት” የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል።

የንጉሥነቱ የዕለት ሥራ ግን እንደ ስሙ አይደለም። ሆስፒታል፣ እስር ቤት፣ መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ የመራጮች መዝገብ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የባዘኑ ውሾች፤ ይህ ሁሉ በአጀንዳ ተራ እየተነበበ፣ እጅ እየወጣበትና በቃለ ጉባኤ እየተያዘ ያልፋል። በ1940 የካውንቲው ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ በ1950 ከ4.1 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ባደገ ሕዝብ መሀል ነው እንግዲህ “ጭስ” የሚባል አዲስ ነጥብ አጀንዳው ላይ የገባው።

መጀመሪያ ያደናቀፋቸው ሳይንሱ ሳይሆን ድንበሩ ነው። ቦርዱ በ1945 ጥቁር ጭስ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ የካውንቲ ደንብ ግን የሚሠራው ከተማ ሆኖ ባልተደራጀው መሬት ላይ ብቻ ነው። በካውንቲው ውስጥ ደግሞ የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው በደርዘን የሚቆጠሩ ከተሞች አሉ። ቨርነንን የመሳሰሉት ከሞላ ጎደል ፋብሪካ ብቻ ናቸው። በአንዱ ከተማ የታገደ ጭስ መንገድ ተሻግሮ ከሌላው ከተማ ይነሳል። ጭስ ካርታ አያነብም።

የቦታው አቀማመጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ምጣድና አክንባሎ አስቡ። ምጣዱ ከተማው ያረፈበት ረባዳ ሜዳ ነው፦ በአንድ ወገን ፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በሌላው የሳን ገብርኤል ተራሮች። አክንባሎው ከላይ የሚጋደም ሙቅ አየር ነው። በተለመደው ሁኔታ አየር ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቅ አየርም ጭሱን ይዞ ይወጣል። እዚያ ግን ከባሕር የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ከታች ይተኛና ሙቁ ከላይ ይከድነዋል። ጭሱ የሚቀላቀልበት ከፍታ ለምሳሌ ከ1,500 ሜትር ወደ 300 ሜትር ቢወርድ፣ ያው ጭስ በአምስት እጥፍ ይወፍራል ማለት ነው። ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለውና የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት የፌርፋክስ ጎዳናም እዚሁ ምጣድ ላይ ነው ያለው።

ስለ ጭስ በማማከር ስሙ የወጣው ሬይመንድ ታከር የተባለ የሴንት ሉዊስ የመካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነገሩን አጥንቶ በ1947 መጀመሪያ ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ ለጠቅላላው አካባቢ አንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲኖር የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አገረ ገዢው ኧርል ዋረን ካውንቲዎች የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ወረዳ እንዲያቋቁሙ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረመ። ኦክቶበር 14 ቀን የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ወረዳ ተቋቋመ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። የወረዳው የበላይ ቦርድ ማን ሆነ? እነዚያው አምስቱ ሱፐርቫይዘሮች። የከተሞቹ ድንበር ከዚያ በኋላ ለጭስ መደበቂያ መሆኑ ቀረ።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል መጣ። ተቆጣጣሪው መንገድ ዳር ቆሞ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ያያል። “ጠቁሯል” ይላል፣ ባለፋብሪካው “የት ጠቆረ?” ይለዋል። ዳኛ ፊት ምን ይዞ ይቀርባል? መልሱ አንድ ወረቀት ነው። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመሮችን እንደ መረብ ሠራ። ራቅ ብለህ ስታየው መረቡ ግራጫ ይመስላል፤ መስመሩ እየወፈረ ሲሄድ ግራጫው ይጠቁራል። ቁጥር 1 ላይ 20 በመቶው ጥቁር ነው፣ ቁጥር 2 ላይ 40 በመቶው፣ እንዲህ እያለ እስከ ቁጥር 5። የካሊፎርኒያ ሕግ ያለው ይህን ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ3 ደቂቃ በላይ ቁጥር 2ን የሚያህል ወይም ከዚያ የጠቆረ ጭስ ማውጣት ጥፋት ነው። ወረቀትና ሰዓት፣ በቃ። “መጥፎ ጭስ” የሚለው ክርክር ወደ ቁጥር ተለወጠ። ከዚህ ጋር የፈቃድ ሥርዓት መጣ፦ ጭስ የሚያወጣ መሣሪያ የሚተክል ሰው ከመትከሉ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከተከለ በኋላ ደግሞ ለማሠራት ሌላ ፈቃድ ያወጣል። ከባድ ሆነብኝ የሚል አቤቱታውን ለሰሚ ቦርድ ያቀርባል። አሰልቺ ነው፤ ግን ለብዙ ሺህ ማውጫዎች የሚሠራ ሌላ ዘዴ አላየሁም።

የፋብሪካዎቹ ጭስ በእርግጥ ቀነሰ። ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ሰልፈርም ቀነሰ። የሰው ዓይን ግን አሁንም ይቃጠላል፣ ገበሬውም የአትክልቱ ቅጠል ሲበላሽ ያያል። መሥሪያ ቤቱ ከዋነኞቹ ጥፋተኞች አንዱ ሰልፈር ነው ብሎ ሲከታተል ነበር፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ያገኘው አሪ ሃገን-ስሚት ነው፤ ኔዘርላንድ የተወለደ፣ በካልቴክ የሚያስተምር ባዮኬሚስት። ሥራው የአናናስ ጣዕምና ሽታ ከምን እንደሚመጣ መመርመር ነበር። የአናናስን ትነት አቀዝቅዞ ወደ ጠብታ በሚለውጥበት መሣሪያ የከተማውን አየር አሳለፈበት፤ የወጣለት ቡናማና የሚከረፋ ፈሳሽ ነው። ከወረዳው ጋር እየሠራ ደረጃ በደረጃ እዚህ ደረሰ፦ ያልተቃጠለ የቤንዚን ትነትና ከሞተር የሚወጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ፀሐይ ሲመታቸው ኦዞን ይፈጠራል። ብርሃኑ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ አንድ የኦክስጅን አቶም ይነጥላል፣ ያ አቶም በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ኦዞን ይሆናል። የቤንዚኑ ትነት ደግሞ ኦዞኑ ተመልሶ እንዳይፈርስ ያግዛል። ለዚህ ነው ስሞጉ በፀሐያማ ቀን የሚብሰው። መለኪያቸውም ቀላል ነበር፦ የታጠፈ የጎማ ቁራጭ አየር ላይ ያስቀምጡና እስኪሰነጠቅ ይጠብቃሉ። ኦዞን ጎማ ይሰነጥቃላ!

የነዳጅ ኢንዱስትሪው በገንዘቡ ያሠራቸው ተመራማሪዎች ሃገን-ስሚትን ለዓመታት ተከራክረውታል፤ በመጨረሻ እሱ ልክ ሆነ። ቦርዱ ግን ከሁለት የማይመቹ ነገሮች ጋር ተፋጠጠ። አንደኛው የመራጩ ጓሮ ነው። ሎስ አንጀለሳዊ የቤቱን ቆሻሻ ጓሮው ባለች ማቃጠያ ያቃጥል ነበር፤ የተመረጠ ሰው ይህን መከልከል ከፋብሪካ ይልቅ ያስፈራዋል። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ በ1957 ተከለከለ።

ሁለተኛው መኪና ነው። የፋብሪካ ማውጫ ካውንቲው ውስጥ ይቆማል፣ ፈቃድ ትከለክለዋለህ። የመኪናው ማርሚታ የሚሠራው ግን ሚሺጋን፣ ዲትሮይት ነው። አምስት የካውንቲ ሰዎች ዲትሮይት ላይ ምን ሥልጣን አላቸው? ምንም።

በ1952 ቦርዱን የተቀላቀለው ኬኔት ሃን ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ነው። በእጁ ያለው አንድ ነገር ነበር፣ የደብዳቤ ወረቀት። ፌብሩዋሪ 1953 ለፎርድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለሄንሪ ፎርድ 2ኛ ጻፈ። ጥያቄው የመኪና ጭስን ለማስቀረት ምን ምርምር እያደረጋችሁ ነው የሚል ነበር። መልሱ በማርች መጣ፤ ከምርምር ክፍል ሳይሆን ከዜና ክፍል። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ መሐንዲሶቻችን እንደሚሉት የሞተር ጭስ አየር ውስጥ ቶሎ ይበተናል፣ የብክለት ችግርም አያመጣም፤ ስለዚህም ሙሉ በሙሉ ለማስቀረት የሚደረግ ሙከራ የለንም። አንድ መሐንዲስ ይህን ሲያነብ “በስንት ሜትር ከፍታ ውስጥ ነው የሚበተነው?” ማለቱ አይቀርም። አክንባሎው የት እንዳለ ማንም አልጠየቀም።

ሃን ደብዳቤውን ፋይል አደረገና ሌላ ጻፈ። ለጄኔራል ሞተርስ ጻፈ፣ ለክራይስለር ጻፈ። በየዓመቱ ያው ጥያቄ ነው፦ ለመጪው ሞዴል ይደርሳል ወይ? መልሱም በየዓመቱ ጨዋ ነው፦ እያጠናን ነው። በዚህ መሀል በ1955 የካውንቲው መለኪያ 0.68 ፒፒኤም ኦዞን መዘገበ። ከሚሊዮን የአየር እጅ 0.68ቱ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል? የዛሬው የአሜሪካ መስፈርት 0.07 ነው፤ እርግጥ ይሄኛው የ8 ሰዓት አማካይ ስለሆነ በቀጥታ አይወዳደርም፣ ግን ልዩነቱን ማየት ይቻላል። በዚያው ዓመት ወረዳው የማስጠንቀቂያ ደረጃዎች አወጣ፤ የመጀመሪያው ደወል 0.5 ላይ ነው የሚደወለው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሲመጣ ደግሞ የሚያስቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በፒስቶኑ ዳር እያፈተለከ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደው ያልተቃጠለ ጋዝ በቀጥታ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። በአንድ ቱቦና በአንዲት ቫልቭ ወደ ሞተሩ መልሶ ማስገባትና ማቃጠል ይቻላል። ካሊፎርኒያ ከ1963 ሞዴል ጀምሮ አስገደደች። ለማርሚታው ጭስ ግን ኩባንያዎቹ ገና ነን እያሉ ሳለ፣ በ1964 ክፍለ ሀገሩ መኪና የማይሠሩ ሌሎች ድርጅቶች ላመጧቸው 4 መሣሪያዎች ማረጋገጫ ሰጠ። ወዲያው የመኪና ሠሪዎቹም ለ1966 ሞዴል የራሳችንን እናደርሳለን አሉ። ለካ ይቻል ነበር!

ቦርዱ ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1965 ኩባንያዎቹ ተመካክረው መሣሪያውን አዘግይተው እንደሆነ የፌደራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እርምጃ እንዲወስድ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ጃንዋሪ 1969 የፍትሕ ሚኒስቴር ትልልቆቹን የመኪና ኩባንያዎችና ማኅበራቸውን ከሰሰ፤ ክሱ ከ1953 ጀምሮ፣ ማለትም የሃን የመጀመሪያ ደብዳቤ ከተጻፈበት ዓመት ጀምሮ፣ እድገቱን ለማጓተት ተስማምተዋል የሚል ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ተመርምሮ አላለቀም፤ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ሃን ስምምነቱን ተቃውሟል። እኔም ብሆን እቃወም ነበር፤ ምስክር ቢሰማ ኖሮ ብዙ እናውቅ ነበር። በ1975 ሞዴሎች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር መጣ፣ ስሞጉም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ።

ሃን ቦርዱ ላይ 40 ዓመት ቆይቶ በ1992 ለቀቀ፤ ቦርዱ የሚሰበሰብበት የአስተዳደር ሕንፃም በስሙ ተሰየመ። በ2024 ደግሞ መራጮች አምስቱ ወንበሮች ወደፊት ዘጠኝ እንዲሆኑ ወሰኑ።

የአየሩ ሥራ ግን ቀድሞ ከቦርዱ እጅ ወጥቷል። ነፋሱ የሎስ አንጀለስን ጭስ ወደ ሪቨርሳይድና ወደ ሳን በርናርዲኖ ካውንቲዎች ይገፋዋል፤ በ1947 የከተሞቹ ድንበር እንደጠበበው ሁሉ በ1970ዎቹ የካውንቲው ድንበርም ጠበበ። በ1977 የአካባቢው ካውንቲዎች መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰፊ ወረዳ ተጠቃለሉ። አምስቱ ሱፐርቫይዘሮች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ እስር ቤቱና ወደ ጎርፍ ቦዩ አጀንዳ ተመለሱ።