ርካሹ የቻይና የፀሐይ ሰሌዳ በዓለም ንግድ ላይ ያመጣው ለውጥ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. (ከዚህም በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጁን ወር መጀመሪያ፣ የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ኮሚሽነር የነበሩት ካረል ደ ጉኽት ሶላር ፓኔል እየተባለ በሚጠራው የቻይና የፀሐይ ሰሌዳ ላይ ጊዜያዊ የመከላከያ ቀረጥ መጣሉን ባስታወቁ ማግስት፣ የቤይጂንግ መንግሥት በአጸፋው ከአውሮፓ በሚገባው የወይን ጠጅ ላይ ምርመራ መክፈቱን አወጀ። ከብርሃነ ፀሐይ ኃይል የሚያወጣ ሰሌዳ የፈረንሳይን የወይን ገበሬ መንካቱ ለጊዜው እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ የአውሮፓ አምራቾች አቤቱታ የተነሣበት የቻይና ሽያጭ በ2011 ዓ.ም. ብቻ 21 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ስለ ነበረ፣ ኅብረቱ እስከዚያ ዘመን ከመረመራቸው የንግድ ክሶች ሁሉ የገዘፈ ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ክርክርና ከእርሱ በፊትም በኋላም የተነሡት መሰሎቹ፣ ሻጩ ማን ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ ብቻ ሲደክሙ፣ የሚሸጠው ዕቃ ራሱ የንግድን ባሕርይ እንዴት እንደሚለውጥ ሳይመረምሩ ቀርተዋል።

ሰሌዳው የረከሰበት ምክንያት፣ ከሳሾቹ እንደሚሉት የመንግሥት ድጎማ ብቻ፣ ተከሳሾቹም እንደሚሉት የሠራተኛ ትጋት ብቻ አይደለም። ጀርመን በ2000 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፣ ከታዳሽ ምንጭ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ ሁሉ ለ20 ዓመት የተረጋገጠ ዋጋ እንዲከፈለው በደነገገች ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ታላቅ ገበያ ተከፈተ። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ከሊቁ ከማርቲን ግሪን ዘንድ የተማረው ሺ ዠንግሮንግ በ2001 ዓ.ም. በውሺ ከተማ ሰንቴክ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አክሲዮኑን በኒው ዮርክ ገበያ አቀረበ። እንግዲህ ዕውቀቱ ከሲድኒ፣ ገዢው ከጀርመን፣ ገንዘቡም ከኒው ዮርክ ሲመጣ፣ በዚህ ላይ የቻይና ባንኮች ብድርና የየከተማው አስተዳደር መሬት ተጨመረበት። የዓለም ጠቅላላ ምርት እጥፍ በሆነ ቁጥር ዋጋው በአምስተኛ ያህል የሚቀንስበት ልማድ በዚህ ሥራ ውስጥ ጸንቶ ስለ ኖረ፣ በ2008 ዓ.ም. በአንድ ዋት ከሦስት ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ሰሌዳ በ2024 ዓ.ም. ወደ ዐሥር የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። ይህ መርከስ መሥዋዕትን ሳይጠይቅ አልመጣም፤ የሰንቴክ ዋና ቅርንጫፍ ራሱ በ2013 ዓ.ም. ከስሯል፣ ዛሬም ታላላቆቹ የቻይና ፋብሪካዎች እርስ በርሳቸው በዋጋ እየተጣሉ በኪሳራ ይሸጣሉ። ለሰሌዳው የሚሆነው የተጣራ ሲሊከን በብዛት በሚወጣባት በሺንጂያንግ፣ በዊጉር ሕዝብ ላይ የግዳጅ ሥራ ይፈጸማል የሚለው ክስም (የቻይና መንግሥት ቢክደውም) ገዢው ሁሉ ርካሽነቱን ብቻ አይቶ ሊያልፈው የማይገባ ነገር ነው።

ቀረጡስ ምን ሠራ? አሜሪካ በ2012 ዓ.ም. ቀረጥ ስትጥል ቻይና በአሜሪካ ሲሊከን ላይ ጣለች፤ አውሮፓም ከቻይና ጋር በዝቅተኛ ዋጋ ወሰን ተስማምታ እስከ 2018 ዓ.ም. ከቆየች በኋላ ወሰኑን አነሣች። ሆኖም ከጀርመን ሰሌዳ አምራቾች ኪው ሴልስ የአውሮፓ ቀረጥ ሳይደርስለት በ2012 ዓ.ም. ከስሮ ነበር፤ ሶላር ወርልድም ቀረጡ እያለ በ2017 ዓ.ም. ከመክሰር አልዳነም። ፋብሪካዎቹም ከቀረጡ ለመሸሽ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ቬትናም፣ ወደ ታይላንድና ወደ ካምቦዲያ ተሻገሩ፤ አሜሪካ በ2025 ዓ.ም. በእነዚህም ላይ ቀረጥ ጣለች፣ በካምቦዲያ አንዳንድ ኩባንያዎች ላይ የተጣለው ከ3,500 በመቶ የሚበልጥ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ በቶኪዮ የሆነው ቶዮ ኩባንያ የሰሌዳ ሕዋስ ፋብሪካውን በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቁሞ ምርቱን ወደ አሜሪካ መላኩም የዚሁ ስደት ፍሬ ነው። ሐዋሳ የሥራ ዕድል ማግኘቷ ያስደስተኛል፤ ይሁን እንጂ ሲሊከን የማጣራቱ፣ የማቅለጡና የመሰንጠቁ ሥራ በየደረጃው ከ80 በመቶ በላይ በቻይና እጅ ስለ ሆነ፣ በቀረጥ የመጣ ፋብሪካ በቀረጥ ሊሄድ ይችላልና፣ መንግሥታችን ከኪራይና ከደመወዝ አልፎ የዕውቀት ሽግግርን በውል ማስፈር ይገባዋል።

ዋናው ለውጥ ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ የተፈጸመው ነው። ጋዝና ዘይት የገዛ ሀገር የገዛውን አቃጥሎ በሚቀጥለው ወር ምንዛሪ ይዞ ወደ ገበያ ይመለሳል፤ ሰሌዳ የገዛ ግን የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ኃይል በአንድ ጊዜ በወደብ ያስገባል፤ ሻጩም ቢቀየመው አዲስ ሽያጭ ይከለክለው እንደ ሆነ እንጂ በጣራ ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ሊነጥቀው አይችልም።

ይህን ነገር ፓኪስታን በገሃድ አሳይታለች። ለማመንጫዎቿ የሚሆነውን ነዳጅ በብዛት ከውጭ የምትገዛው፣ የውጭ ምንዛሪም ዘወትር የሚያጥራት ይህች ሀገር፣ ኤሌክትሪኩን ወሰደችም አልወሰደች ለማመንጫ ባለቤቶች ቋሚ ክፍያ እንድትከፍል በውል የታሰረች ናት፤ ከማመንጫዎቹም መካከል በቻይና ብድር የተሠሩ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ይገኛሉ። በ2022 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የፈሳሽ ጋዝ ዋጋ እጅግ ንሮ፣ ጭነቱን ባለጸጎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ሲሻሙት፣ ፓኪስታን በጨለማ አመሸች። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር ጋር ተያይዞ የመብራት ታሪፍ በላይ በላዩ ሲጨመር፣ የላሆርና የካራቺ ባለ ፋብሪካ፣ ጕድጓድ ቈፍሮ ውኃ በፓምፕ የሚስበው የፑንጃብ ገበሬ፣ ቤት ያለውም የከተማ ነዋሪ የማንንም መንግሥታዊ ዕቅድ ሳይጠብቅ ሰሌዳ ይገዛ ጀመር። በ2024 ዓ.ም. ብቻ 17 ጊጋ ዋት ያህል ገባ፤ ይህም ሀገሪቱ በብዙ ዓመታት ካቆመችው የማመንጫ ኃይል ሁሉ ከሲሶ የሚበልጥ ነው። ከዚህም የተነሣ ከኳታር ልትረከበው ውል የገባችበትን የጋዝ ጭነት ወደ ኋላ እንዲገፋላት እስከ መጠየቅ ደረሰች፤ ያንዱ የቻይና ሸቀጥ ርካሽነትም በሌላው የቻይና ገንዘብ የተሠራውን የከሰል ማመንጫ ደንበኛ አሳጣው።

በዚህ መካከል የተጎዳው ጣራ የሌለው ነው። ሰሌዳ የተከሉት ከመሥመሩ ሲለዩ፣ የማመንጫዎቹ ቋሚ ወጪ ለቀሩት ደንበኞች ይከፋፈላልና፣ ተከራዩና ድኻው የባለጸጋውን ድርሻ ጨምረው ይከፍላሉ። አንዳንዶች ጥፋቱን በሰሌዳው ላይ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱ ከሰሌዳው በፊት በዶላር ተሰፍሮ በተፈረመው ውል ውስጥ እንዳለ አምናለሁ፤ ውሉን ሳያሻሽሉ ገቢ ሰሌዳን መቅረጥም ከጥላ ጋር መታገል ነው። የፓኪስታን መንግሥት ከ2025 ዓ.ም. በጀት ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ሰሌዳ ላይ ዐሥር በመቶ የሽያጭ ታክስ ጥሏል። ይሁን እንጂ የባትሪም ዋጋ እንዲሁ እየወረደ ስለ ሆነ፣ ቀን ከመሥመሩ የተለየው ደንበኛ ሌሊትም ሊለይ የሚችልበት ጊዜ ቀርቧል፤ የማመንጫ ውሎቹን ለማሻሻል የተጀመረው ድርድር ከዚያ በፊት መፈጸም ይኖርበታል።